ከቀለሙ በፊት ፍሬኑ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም. የቀረበ ንግግር)



በዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቆሙት የተሳካላቸው ናቸው። አንዷ በሁለት ላም ጀምራ ስድስት አደረሰች፣ ሌላዋ በአንድ የስፌት መኪና ጀምራ ሱቅ ከፈተች ይባላል፤ እኛም አጨብጭበን ወደ ሻዩ እንሄዳለን። የእኛ ነገር እንደዚያ አይደለም። አልወደቅንም፤ ግን ለመውደቅ ጥቂት ቀርቶን ነበር፣ ዋስ የሆኑልንንም ይዘን ልንወድቅ ነበር። ኮሚቴው ተናገሩ ሲለን «የቱን እንናገር?» ብለን ጠይቀን ነበር። «የሆነውን» አሉን። እንግዲህ የሆነውን ስሙን።

እኛ ስንል ሦስት ነን። እናታችን፣ ታናሻችን፣ እና ይህችን ወረቀት ይዛ ፊታችሁ የቆመችው የሂሳብ ሠራተኛ። እናታችንና ታናሻችን ባልትና ይሠራሉ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን። ሦስተኛዋ ደግሞ ቀን የሰው ሂሳብ ትሠራለች፣ ማታ የቤቱን ደብተር ትይዛለች። ከሦስታችን መካከል ስለ ገንዘብ የተማረችው እሷ ናት። ይህን ያዙልን፣ በኋላ እንመለስበታለን።

መኪናው የአባታችን ነው። ቶዮታ ላንድክሩዘር፣ ኤች ጄ 60 የሚሉት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1987 ሥሪት። ይህ ዓይነቱ የተሠራው በፈረንጆቹ ከ1980 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ነው፤ በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው የዕርዳታ ድርጅት በር ላይ ቆሞ ሳያየው አይቀርም። አባታችን የዕርዳታ ድርጅት ሾፌር ነበር። ድርጅቱ መኪናውን በጨረታ ሲሸጥ ለዓመታት ሲነዳው የኖረውን ራሱ ገዛው። እናታችን «እኔን ያገባ ዕለት እንደዚያ አልሳቀም» ትላለች።

በ2010 ዓ.ም. አባታችን አረፈ። መኪናው ግቢያችን ውስጥ፣ ከማድ ቤቱ ጎን ስድስት ዓመት ቆመ። ጎማው ተኛ፤ ዶሮ ሥሩ እንቁላል ጣለች፤ ኮፋኖው ላይ በርበሬ ይሰጣ ጀመር። ደላላ መጥቶ ዞሮ አየውና «ለዕቃ ብቻ ነው የሚሆነው፣ 150,000 ብር» አለን። እንዳንሸጠው ያደረገን ልባችን ብቻ አልነበረም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወድዶት ነበር። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው፣ የሚሄደው አሮጌ ላንድክሩዘር በዚያ ሰሞን ደላላው ከሰጠን ዋጋ ብዙ እጥፍ ይጠራበት ነበር። እኛ ደግሞ በርበሬ ለማምጣት ወደ ማረቆ፣ ጥራጥሬ ለማምጣት ወደ ምንጃር በሄድን ቁጥር ለፒክ አፕ ኪራይ 12,000 ብር እንከፍላለን። በር ላይ የቆመ መኪና እያለ መኪና መከራየት ያናድዳል።

ስለዚህ ተነሳን። ፍርድ ቤት ሄደን የወራሽነት ማስረጃ አወጣን፣ ሊብሬውን ወደ እናታችን ስም አዛወርን። ይህ ራሱ ወራት ፈጅቷል፤ ዛሬ ግን እሱን አናወራም፣ ባሎቻቸውን በሞት ያጡ እህቶች ከፈለጉ ለብቻ እንነግራቸዋለን። ከዚያ በሰኔ 2016 ከማኅበራችን የቁጠባና ብድር ክፍል 200,000 ብር ተበደርን፣ ሁለት ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ። ከራሳችን 80,000 ጨመርን። በጠቅላላው 280,000 ብር። እንደምታውቁት በአምስት በአምስት ተቧድነን ነው የምንበደረው። የእናታችን አራት ዋሶች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ ጉሊት ናቸው፣ አንዷ እንጀራ ጋግራ ታስረክባለች፣ ሁለቱ ልብስ ይሰፋሉ። እኛ ብንቀር የሚቆረጠው ከእነሱ ቁጠባ ነበር።

አሁን ስህተታችን።

አንድ ወጣት መካኒክ አምጥተን አዲስ ባትሪ አደረግን፣ ዘይትና የናፍጣ ፊልትሮ ቀየርን፤ ይህ ከታናሻችን ዕቁብ ወጣ። ልጁ ቧንቧው ውስጥ የገባውን አየር አስወጣ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ሦስት ጊዜ አቃተተና ሞተሩ ተነሳ። ግቢው ጥቁር ጭስ ሆነ። እናታችን እልል አለች፣ ጎረቤት ወጣ። ይህ ሞተር ቱ ኤች የሚባለው ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ አራት ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ናፍጣ፣ የሚበጠስ የታይሚንግ ቺንጊያ የሌለው፣ በጥርስ የሚሠራ። ቀላልና ታጋሽ ሞተር ነው። «ሞተሩ ከተነሳ ሌላው ቀላል ነው» አለ ልጁ። እኛም ልንሰማ የፈለግነው ይህንኑ ነበርና አመንነው።

ሌላው ቀላል ነው ሲባል ወዴት ሄድን? ወደሚታየው። ላሜራና ቀለም 120,000 ብር። ፖርቶመጋላ አስበይደን 26,000። ከፊት ወፍራም የብረት መከላከያ ከነመብራቶቹ፣ ለጫካ የሚሆን፣ 50,000። (ማረቆ ጫካ የለም።) ድምሩ 196,000 ብር። ቀለሙንም ልንቀይረው ነበር፤ የመኪናው ቀለም ሊብሬ ላይ የተጻፈ መሆኑን ታናሻችን አስታውሳን ነጩን በነጭ ቀባን። በዚያ ወቅት ካደረግነው ሁሉ ደህናው ውሳኔ እሱ ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ አደረግን ብለን ብዙ ተነጋግረናል። ስድስት ዓመት አቧራ ለብሶ ስናየው ኖረናል፤ አባታችን በየእሑዱ ያጥበው የነበረውን መኪና። ንጹሕ ሆኖ ልናየው ቸኮልን። ደግሞ መንደሩ ያየናል። ሰው ተበድሮ ያወጣውን ገንዘብ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል፤ የፍሬን ጎማ ደግሞ ማንም መጥቶ «እንዴት ያምራል» አይልለትም።

ኅዳር 2017፣ እሑድ ጠዋት። ታናሻችን መንጃ ፈቃድ ስላላት መሪውን ያዘች። እናታችን ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ተቀመጠች። ከግቢያችን ወደ አስፋልቱ የሚወስደው ኮብልስቶን ቁልቁለት ነው። ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ስናደርገው ፍሬኑ ይይዝ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ መጀመሪያ ስትረግጠው ያዘ። ሁለተኛ ስትረግጠው ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ወረደ። የእጅ ፍሬኑን ሳበችው፤ ግንድ የመሳብ ያህል ነበር፣ ንቅንቅ አላለም። ማርሽ ቀነሰች፣ መኪናው አጓራ፣ ፍጥነቱ በረደ፣ ግን አልቆመም። ከቁልቁለቱ ግርጌ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ባዶ ቦታ አለ። መሪውን ወደ ግራ ሰበረችውና የጎረቤታችንን የቆርቆሮ አጥር ይዘን ገባን።

ማንም አልተጎዳም። ልጆቹ ሸሽተዋል። ስንወርድ ኳሳቸው ከፊት ጎማ ሥር ነበረች። አንድ ሰባት ዓመት የማይሞላው ልጅ መጥቶ «ኳሴን ስጡኝ» አለን፤ ጎንበስ ብለን ለመስጠት ጉልበታችን እምቢ አለ። ለአጥሩ 6,000 ብር ከፈልን፣ ጎረቤታችን ደግ ሰው ነው። እኛ ግን ለብዙ ሌሊት በሕልማችን ያየነው አጥሩን አልነበረም።

የሆነው ይህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። መኪና ለዓመታት ሲቆም፣ ውሃ የጠጣው ዘይት የፍሬን ፖምፓውን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ዘይቱን የሚገፉት ትንንሽ ጎማዎችም ይደርቃሉ። የደረቀ ጎማ በቀስታ ሲገፉት ይታዘዛል፣ ኃይል ሲመጣበት ይቀደዳል። የዋናው ፖምፓ ጎማም የኋላዎቹም አብረው ሄዱ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ የሚስባት ማጠፊያ ብረት ደግሞ ከኋላ ጎማ አጠገብ፣ ጭቃና ውሃ የሚረጭባት ቦታ ላይ ነች። ያለ ግራሶ ስትቆም ትዝጋለች፣ ትደርቃለች።

በዚያው ሳምንት አራቱ ዋሶች ቤታችን መጡ። ቡና ተፈላ፤ ማንም ስለ ቡናው አላወራም። የሂሳብ ደብተሩን ከፈትን። እንዲህ ያለ ኀፍረት አይተን አናውቅም፤ ዲፕሎማዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ደብተሩ ተዘርግቷል፣ እዚያ ላይ 196,000 ብር ለቀለም፣ ለብረትና ለመብራት። ጉሊቷ እናት ማንበብ ስለማይችሉ አንድ በአንድ አነበብንላቸው። ዝም ብለው ሰሙና «ልጆቼ፣ ያስጠገናችሁት መኪና ነው ወይስ ቀለም?» አሉ።

ከዚያ እናታችን ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። በመሐረብ የተቋጠረ ወርቋን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሰጪዋ አባታችን ናቸው። «ይህን ያህል አውጥተንበት አሁን አንተወውም» አለች።

ጉሊቷ እናት መሐረቡን በጣታቸው ወደ እናታችን መልሰው ገፉት። ያሉትን እንዳሉት እንንገራችሁ። «ስንት እንዳወጣችሁበት አልጠየቅኋችሁም። እኔ ቲማቲም ሲበላሽብኝ ስንት ገዛሁት ብዬ አላስብም። ዛሬ ስንት ያወጣል፣ ለመሸጥስ ከዛሬ በኋላ ስንት ያስወጣኛል እላለሁ። እስቲ እሱን ንገሩኝ። ወርቁ ይመለስ። ወርቅ ከገባበት ማቆሚያ አይኖረውም።»

ይህ በሂሳብ ትምህርት ቤት ተመልሶ የማይገኝ ወጪ ይባላል። ከሦስታችን የተማረችው በፈተና ላይ መልሳዋለች፣ በትክክል። በራሷ ቤት ግን ከጉሊት ነው የሰማችው።

ደላላውን በማግሥቱ ጠራነው። ቀለም የተቀባውን፣ ፍሬን የሌለውን፣ የፊቱ የተጫረውን መኪና 170,000 ብር አለ። ይህ ብድሩን እንኳ አይሸፍንም። እጃችን ላይ የቀረው 78,000 ብር ነበር። ሌላኛው ጥያቄ፣ ከዛሬ በኋላ ስንት ይፈልጋል የሚለው፣ የሚመልስልን ሰው ያስፈልገን ነበር። ከአባታችን ጋር አብረው ሲሠሩ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ። ስማቸው እንዲነሳ አልፈለጉም፣ ጋሼ እያልን እንቀጥል።

ጋሼ መጡ፣ ቀለሙን አላዩትም። ካርቶን አነጠፉና መኪናው ሥር ገቡ። አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ወጥተው እጃቸውን እየጠረጉ የጠየቁን የመጀመሪያ ነገር «አባታችሁ ደብተር ነበረው፣ የታለ?» ነው።

ነበረው። ከቀብሩ በኋላ ከሰዓቱና ከመነጽሩ ጋር ሣጥን ውስጥ ከተነዋል፤ ስድስት ዓመት ልንከፍተው አልደፈርንም። አባታችን ያደረገውን በቀይ እስክሪብቶ፣ የሚቀረውን በጥቁር ይጽፍ ነበር። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የዘይት ቅየራው በቀይ፣ ቀኑ ከነኪሎ ሜትሩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ነሐሴ 2009፣ በጥቁር፦ የኋላ ፍሬን ጎማዎች ይቀየሩ፤ የእጅ ፍሬን ይታይ።

ጋሼ አንብበው ደብተሩን ለእናታችን ሰጧት። ለረጅም ጊዜ ማንም ምንም አላለም።

የሚያስፈልገውን ሁሉ ጋራዥ ብንሰጠው 150,000 ብር ነበር፤ 90,000 ለዕቃ፣ 60,000 ለእጅ። ጋሼ «እጁ እናንተ ናችሁ፣ እኔ አሳያችኋለሁ» አሉ። በቀን 1,500 ብር ተስማማን፣ ለአሥር ቀን። ስለዚህ 105,000። ያለን 78,000 ነው። የፊቱን የብረት መከላከያ ከነመብራቶቹ በ30,000 ብር ሸጥነው፤ 20,000 ከሰርንበት። 108,000 ሆነ። ዋሶቻችን ያን ቁጥር ደብተሩ ላይ አስጻፉን፣ ሥሩ ላይ በቀይ አስሰመሩን። ከመስመሩ ካለፍን መኪናው ይሸጣል፣ የጎደለውን ከደመወዝ እንከፍላለን። ፍሬኑ እስኪያልቅ ድረስ ለሚታይ ነገር አንድ ብር አይወጣም። በየሁለት ሳምንቱም ከእነሱ ሁለቱ መጥተው ደብተሩን ያያሉ።

ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ቅዳሜና እሑድ ግቢያችን ጋራዥ ሆነ። ቤት ውስጥ ይህን ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ ከሁሉ አስቀድመን የምንነግራችሁ ጋሼ መጀመሪያ ቀን የቆጡንን ነው። መኪናውን በክሪክ አንስተን ብሎኬት ደግፈንበት ነበር። በጣም ተቆጡ። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመደገፍ አይደለም፤ ይወርዳል። ብሎኬት ደግሞ ሲሰበር አያስጠነቅቅም፣ በአንዴ ነው የሚፈርሰው። ከብረት የተበየዱ አራት መቆሚያዎች ተውሰው አመጡልን። መቆሚያው ሳይገባ ማንም እጁን እንኳ እንዳይሰድ ከለከሉን።

ብሎኖቹ ዝገው አልፈታ ሲሉ በዋዜማው ናፍጣ ከአሮጌ ዘይት ጋር ቀላቅለን ማጠጣት ተማርን። ከመፍታታችን በፊት በስልክ ፎቶ እናነሳለን፤ የተፈታውን ብሎንና ዳዶ በፌስታል አድርገን ከየት እንደወጣ ጽፈን እንቋጥራለን። ይህ የሂሳብ ሠራተኛዋ ሥራ ነበር፤ ወንበዴ ደረሰኝ የሌለው ነገር እንደማትወድ ያውቃሉ። ስንገጥም አንድም ብሎን አልተረፈም፣ አንድም አልጎደለም። ጋሼ በዕድሜያቸው እንዲህ አይተው እንደማያውቁ ተናግረዋል፣ ይህን ጻፉልን።

ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ አደስነው። የዋናው ፖምፓና የየጎማው ጎማዎች፣ የዛጉት የብረት ቧንቧዎች፣ የፊት ፓስቲኮች፣ የኋላ ሸራዎች፣ አዲስ ዘይት። ዕቃውን ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስንሄድ አሮጌውን ይዘን ነበር የምንሄደው፤ በመጠንም በተጻፈበት ቁጥርም አስተያይተን ነው የምንገዛው። አንድ ጊዜ ብቻ ሰንፈን ከሰፈራችን አጠገብ ካለ ሱቅ በቃል ገዛን። ጎማው በአንድ ሚሊ ሜትር ሰፊ ነበር፣ አልተመለሰልንም።

የናፍጣ ታንከሩን ስናወርድ ሥሩ ላይ የአተላ ዓይነት ጥቁር ዝቃጭ አገኘን። ያን ጭስ ያመጣው አንዱ እሱ ነው። ታንከሩ ታጠበ፣ ኢንጀክተሮቹን ፖምፓ ቤት ወስደን አስፈተሽን። ከፊት፣ ጎማው በሚታጠፍበት ቦታ ያለውን ድቡልቡል ቤት ስንከፍት ግራሶው ከዲፈረንሻል ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ቀጥኖ ነበር፤ ውስጡ ያለው ማኅተም ሲያረጅ እንደዚያ ይሆናል። እሱንም ከነኩሽኔታው ቀየርን። ክንዳችን ድረስ ግራሶ ሆነን ሳለ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ መጣና «የመኪናው ባለቤት የለም?» አለ። እናታችን መዶሻውን ይዛ «አቤት» አለችው። ፍሪሲዮኑ ገና ይሠራል ስላሉን አልነካነውም። ተራው ይደርሳል።

በግንቦት ዓመታዊ ምርመራ ወሰድነው። ፍሬኑ የሚለካበት ማሽን ላይ ሲወጣ ሦስታችንም እጃችንን አጣምረን ቆመን ነበር። አለፈ። ቦሎው ተለጠፈ። ደብተሩ ላይ 3,000 ብር ቀረ።

ለራሳችን እንዲመች አድርገን ያሰናዳነው ከዚያ በኋላ ነው፣ በዚያች 3,000 ብርና ቤት ውስጥ ባለው። አንድም ነገር ከመኪናው አካል ጋር አልተበየደም፤ ሁሉም በብሎን ነው፣ ተፈትቶ ይወጣል። ከኋላ በኮምፔንሳቶ ወለል ሠራንለት፣ ሥሩ ላይ ቀጫጭን ጣውላ፣ ጆንያ ከብረቱ ላይ እርጥበት እንዳይስብ። ከሾፌሩ ኋላ ሽቦና ወፍራም ላስቲክ ጋረድን፤ ስምንት ጆንያ በርበሬ ጭኖ መስኮት መክፈት ምን እንደሚመስል በርበሬ የምታመጡ ታውቃላችሁ። ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ባያስቀረውም አሁን እያነጠስን እንጂ እያለቀስን አንነዳም። የወንበሮቹን ልብስ እናታችን በራሷ መኪና ከሸራ ሰፋችው፣ በወገቡ በኩል ኪስ አድርጋለት፤ የአባታችን ደብተር እዚያ ነው ያለው። ፖርቶመጋላውን በእህል ሚዛን ብንመዝነው 68 ኪሎ ሆነ። ጣሪያ ላይ ያ ሁሉ ብረት ሲሆን መኪናው መታጠፊያ ላይ ያዘነብላል፤ አስቆርጠን ወደ 41 አወረድነው።

አሁን ሂሳቡን። ደጋፊዎቻችን እዚህ ስላላችሁ በግልጽ እንናገር። የመከላከያውን ሽያጭ ቀንሰን፣ አጥሩንም ጨምረን ያወጣነው 280,000 ብር ነው። ከግንቦት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ሄደን መጥተናል። በእያንዳንዱ ጉዞ ከኪራዩ 12,000 ውስጥ ለናፍጣ፣ ለዘይትና ለሚያረጀው ዕቃ የምናስቀምጠው 5,500 ይሆናል፤ 6,500 ይተርፈናል። አሥራ አንድ ጊዜ፣ 71,500 ብር። ስለዚህ ያወጣነውን አልመለሰም፣ ዘንድሮም አይመልስም። ብድሩን ግን አንድም ወር ሳናሳልፍ ከፍለናል፤ ሰባት ክፍያ ይቀረናል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያሉት እህቶች ቁጠባ አልተነካም። መኪናው ጠንክሮ የሚሠራ ከሆነ በሁለት ዓመት ከግማሽ ገደማ ወጪውን ይመልሳል ብለን አስበናል። የታቀደውን ከሆነው ለይተን በየስድስት ወሩ ለብድር ክፍሉ እናቀርባለን፤ ማንኛዋም አባል መጥታ ማየት ትችላለች።

ሌላ የሚነገር ነገር። በክረምቱ፣ ከኋላ ጎማው በላይና ፖርቶመጋላው የሚቆምበት የጣሪያ ጠርዝ ላይ ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን አረፋ አወጣ። ከሥሩ ዝገት ነበር። ዝገት ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ላሜራ ሊበየድበት ሲገባ በስቱኮ ተሸፍኖ ተቀብቶ ነበር። የ120,000 ብሩ ቀለም ማለት ነው። ጋሼ መጀመሪያ ቀን አይተውት ኖሯል፤ «እንዳትደነግጡ ብዬ ነው» አሉን።

ጠዋት ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ እናታችን አጠገቡ ትቆምና አረፋውን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን ታደርገዋለች። «ይኼስ መቼ ነው የሚሠራው?» ትላለች። ከሰኔ በኋላ፣ ብድሩ ሲያልቅ እንላታለን። ደብተሩ ላይ በጥቁር ጽፈነዋል።